ሦስተኛው ምሰሶ

የሐዲድ ሹሙ ጋሪውን ከኋላ እየገፋ በዝናብ ውስጥ ይሮጣል። ጋሪው በአራት የብረት ጎማ ላይ የተነጠፈ ሰሌዳ ነው፤ የጥገና መሣሪያ ይጫንበታል። ሐዲዱ ቁልቁል ሲሆን ዘሎ ይቀመጥበታል፣ ሲስተካከል ወርዶ ይገፋዋል። ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ የተሸከመው ሰው ያለ ያህል ከብዶታል። ከወገቡ በታች ያለበት ጭቃ ግን የዝናብ አልነበረም፤ የወንዝ ነው። ድልድዩ ሥር ወርዶ፣ ያየውን አይቶ ከወጣ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም።

ከደረት ኪሱ ሰዓቱን አወጣ። ለዘጠኝ ሰባት ደቂቃ ይቀራል። ባቡሩ ከላይኛው ከተማ በሰዓቱ ተነሥቶ ከሆነ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ለማለት ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅበትም። የቴሌግራፉ ሽቦ ከጠዋት ጀምሮ ተበጥሷል። «ባቡሩን አታስነሡ» ብሎ የሚልክበት ነገር ከገዛ እግሩ በቀር አልነበረውም።

ከድልድዩ አራት መቶ እርምጃ ያህል እንደራቀ ጋሪውን ከሐዲዱ አወረደ። ከከረጢቱ ሁለት የማስጠንቀቂያ ጥይቶች አውጥቶ ሐዲዱ ላይ አሰራቸው፤ የባቡር ጎማ ሲረግጣቸው የሚፈነዱ፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ከገዟቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበርና ባሩዳቸው ረጥቦ ይሆናል ብሎ ሰጋ። ቀዩን ባንዲራ ዘርግቶ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ቆመ።

አንደኛው ጥይት እፍ እንደተባለ ሻማ ጠፋ። ሁለተኛው ፈነዳ።

ፍሬኑ ሲጢጥ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ የጮኸ መሰለው። ባቡሩ እየተንሸራተተ፣ እየተንገጫገጨ መጥቶ ከደረቱ አራት ክንድ ሲቀረው ቆመ። የሐዲድ ሹሙ ንቅንቅ አላለም። ኋላ ሰዎች ይህን ጀግንነት አድርገው አወሩለት። እሱ ግን እግሩ እምቢ ብሎት እንደነበር ያውቃል።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ?» አለ ባቡር ነጂው ከላይ እየዘለለ። «ልፈጭህ ነበር እኮ።»

ነጂው የሐዲድ ሹሙ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። የወለደችው እናቱ ሳትቀር ሁሉም «ጭሱ» ነው የሚለው። የሚነዳት ሎኮሞቲቭ ደግሞ «ሙሽራዋ» ትባላለች፤ ከስምንት ዓመት በፊት ስትመጣ ታጥባ፣ አበባ ተደርጎላት፣ ከተማው ወጥቶ ስለተቀበላት ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው «አሮጊቷ» ማፍያዋ ከተቀደደ ወዲህ ዕቃ ዕቃዋ ተፈትቶ ጋራዥ ወለል ላይ ተኝቷል። ስለዚህ የባቡር ኩባንያው፣ ኀምሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ሐዲዱ፣ አምስት ጣቢያው፣ መቶ አርባ ሠራተኛው፣ ሁሉም በሙሽራዋ ትከሻ ላይ ነው የሚሄደው። የሁለቱ ከተማ እህል ነጋዴዎች ተሰባስበው ሲያቋቁሙት የሐዲድ ሹሙ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የሐዲዱን አግዳሚ እንጨት በትከሻው ተሸክሟል።

«ሦስተኛው ምሰሶ ሥሩ ተበልቷል» አለ። «አትለፍ።»

ጭሱ ወደ ድልድዩ ተመለከተ። ድልድዩ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሥሩ የሚሄደው ውሃ ግን ቀለሙ ጠቁሮ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያንከባለለ ነበር።

በዚህ መካከል ከአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ የኩባንያው ዳይሬክተር ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግተው ወረዱ። ረዥም፣ ቀጭን፣ በዝናብ ውስጥ እንኳ ኮታቸው የማይጨማደድ ሰው ናቸው። ለሚቀጥለው ወር ለተጠራው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ሲዘጋጁ ሰንብተው ከላይኛው ከተማ መመለሳቸው ነበር። ትልቁ የጎረቤት ባቡር ድርጅት ሐዲዱን ለመጠቅለል ዐይኑን ጥሎበታል። እሳቸው ደግሞ አባታቸው የመጀመሪያውን ችንካር የመቱበትን መስመር አሳልፈው ላለመስጠት እንቅልፍ ካጡ ዓመት አልፏቸዋል።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ።

የሐዲድ ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ ነገራቸው።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ደህና ነው ብለህ ፈርመህ የለም እንዴ? ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

«ፈርሜያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ በሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ?»

የሐዲድ ሹሙ አዎ ቢል ያበቃ ነበር። ዝናቡን፣ ወንዙን፣ የዓመቱን ክፋት ማሳበብ ይችላል፤ ማንም «ውሸትህን ነው» አይለውም። የፈረመ ቀን ጠዋት ለባለአክሲዮኖቹ ጉብኝት የጣቢያውን ጠርዝ ድንጋዮች ኖራ እንዲያስቀባ ታዝዞ ነበር። የድልድዩ ምርመራ ቅጽ እስከ ስድስት ሰዓት ይፈለጋል ተባለ። እሱም በግራ እጁ የኖራ ቆርቆሮ እንደያዘ በቀኝ እጁ ፈረመ።

«አልወረድኩም ነበር፣ ጌታዬ» አለ። «ሳላይ ነው የፈረምኩት።»

ዳይሬክተሩን ማን ወደ ኖራው እንደላከው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ ዐይናቸውን ወደ ጃንጥላቸው እጀታ መለሱ።

«ሃያ አንድ ቀን» አለ ጭሱ ቀስ ብሎ። «በቀን ሁለቴ። ሰው ጭኜ። የእህቴን ልጆች ሳይቀር ባለፈው ቅዳሜ ጭኜ።» ፊቱን የሸፈነው የከሰል ጥላሸት ባይኖር ኖሮ መገርጣቱ ይታይ ነበር። «ደግ፣ የሐዲድ ሹም።»

ጋሼ ብሎ ነበር የሚጠራው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። የሐዲድ ሹሙ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

እሳት አንዳጁ የኋላውን መስመር እንዲያይ ተልኮ ነበርና እየሮጠ ተመለሰ። «ወደ ኋላ መሄድ የለም» አለ እያለከለከ። «ረባዳው ሜዳ ተውጧል። ሐዲዱ የቱ ጋ እንደነበር የሚያሳዩት የቴሌግራፍ እንጨቶቹ ብቻ ናቸው። ባቡሩ የቆመበት አፈርም ከጎን እየተናደ ነው።»

እንግዲህ ከፊታቸው የታመመ ድልድይ፣ ከኋላቸው ውሃ፣ በመካከሉ ዘጠና አራት ተሳፋሪ። ከመስኮት መስኮት ወሬው ተዳርሶ ሰው መውረድ ጀምሯል።

«ድልድዩ ሰው ይሸከማል?» ሲል ጭሱ ጠየቀ። የሚጠይቀው የእህቱን ባል ቢሆንም ዐይኑ የሚያየው ወንዙን ነበር።

«ሰው ይሸከማል። በአንዴ ከሃያ ካልበለጠ።»

«ያኔም ደህና ነው ብለህ ነበር። አሁን በምን ልመንህ?»

«አሁን ወርጃለሁ።»

ጭሱ ዘወር ብሎ ወደ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ወጣ። መዶሻ ሲያርፍ ተሰማ። የተሳፋሪውን አግዳሚ ወንበሮች እየነቀለ በመስኮት ያወርድ ጀመር። በድልድዩ እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት የሰው እግር ያሳልፋል፤ ሥሩ ደግሞ የሚጮኸው ውሃ ነው። ያለ መረማመጃ አንድም ሴት ልጇን ይዛ አትሻገረውም። ተሳፋሪዎቹ ነገሩ ሲገባቸው እየተቀባበሉ ወንበሮቹን ድልድዩ ላይ ጫፍ ለጫፍ ደረደሯቸው።

የሐዲድ ሹሙ በበኩሉ ሦስተኛው ምሰሶ አናት ላይ ሄዶ ቱንቢውን አወረደ። በቀጭን ሲባጎ የተንጠለጠለችው እርሳስ ከምሰሶው ግንብ ፊት ለፊት ተወዛውዛ ቆመች። ምሰሶው ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ከላይም ከታችም እኩል መራቅ ነበረባት። አልሆነም። ከታች ሁለት ጣት ጎድሏል። በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን በእንጨቶቹ መካከል አሹልኮ፣ ዐይኑን ከሲባጎዋ ሳይነቅል «ሃያ ሰው ይምጣ» አለ።

መጡ። አንዳንዱ ጫማውን በአንገቱ አንጠልጥሏል፣ አንዳንዱ ዐይኑን ጨፍኖ የፊተኛውን ሰው ልብስ ይዟል። የመስታወት ነጋዴ የሆነ አንድ ወፍራም ሰው ሣጥኑን ጣል ቢሉት አሻፈረኝ አለ። «እኔ ብወድቅ አንድ ሰው ነኝ፤ እሱ ከወደቀ ስድስት ደርዘን ነው» አለና ሣጥኑን እንደ ጡት ልጅ አቅፎ ተሻገረ። ከኋላው ያሉት በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሣቁ። የሐዲድ ሹሙ ግን አልሣቀም፤ ሲባጎዋን እያየ ነው። ሁለት ጣት። ሁለት ጣት። አራተኛው ምድብ ሲያልፍ ሁለት ጣት ተኩል።

መራመድ የማይችሉ ሰባት ሰዎች ቀሩ። ሁለቱ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱ ሕመምተኞች ናቸው፣ አንዷ እግሯ የታሰረ ወይዘሮ፣ የተቀሩት አዛውንት። መረማመጃውን ገለል አድርገው ጋሪውን ሐዲዱ ላይ መለሱት፤ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ እያስቀመጡ የሐዲድ ሹሙ በአንድ ጎን፣ ጭሱ በሌላው ጎን ሆነው ገፉት። በሦስቱ ምልልስ አንዱ ለሌላው ቃል አልተነፈሰም። ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው ይሰማል።

በአራተኛው ምልልስ አንድ ዐይነ ሥውር ሽማግሌ ለብቻቸው ተቀመጡ። ትንሽ እንደሄዱ «ድልድዩ ላይ ደረስን?» አሉ።

«ገና ነን አባቴ» አለ ጭሱ፣ እንዳይደነግጡ።

«ከሥሬ ውሃ እሰማለሁ እኮ።»

«ዝናቡ ነው።»

«እንግዲህ ዝናብ ከታች ወደ ላይ የሚዘንብበት ዘመን ላይ ደረስን» አሉና ሽማግሌው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ግፉ፣ ልጆቼ። ለእኔ እንደሆነ ድልድይም ሜዳም አንድ ነው፤ አላየው።»

ጭሱ ሣቁ አምልጦት ፈነዳ። የሐዲድ ሹሙም ሣቀ፤ ከዚያ ሣቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥበት ሲል ጥርሱን ነከሰ።

«ጋሼ» አለ ጭሱ፣ ሲመለሱ፣ ባዶውን ጋሪ እየገፉ። «ለምን ነገርካቸው? ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር።»

«አንተ ነህ የምትነዳው። ድልድዩ ትናንት ደህና ነበር ካልኩ ነገም ደህና ይሆናል ብለህ ታምነኛለህ።»

ጭሱ ጋሪውን ከዚያ በኋላ ለብቻው ገፋው።

ወደ ባቡሩ ሲመለሱ ዳይሬክተሩ ከሙሽራዋ አጠገብ ቆመው አገኟቸው። ጃንጥላቸውን አጥፈዋል፤ ውሃው ከጢማቸው ይንጠባጠባል።

«ቀስ ብለህ ብታሳልፋትስ?» አሉ ለነጂው። «ፉርጎዎቹን ትተህ። እሷን ብቻ። በሰው እርምጃ።»

«ሠላሳ ስምንት ቶን ናት፣ ጌታዬ» አለ የሐዲድ ሹሙ።

«ስንት እንደሆነች አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስመጣኋት።» ድምፃቸው ሳይጨምር ከረረ። «እዚህ ከቀረች ኩባንያ የለም። ጉባኤው አንድ ቀን አያድርም፣ ይሸጡታል። መቶ አርባ ቤተሰብ አብሯት እዚህ ይቀራል። ያንተም ቤት ከመቶ አርባው አንዱ ነው።»

እውነታቸውን ነው። የሐዲድ ሹሙ ይህን ከእሳቸው ቀድሞ አስቦት ነበር። የስድስት ሰው ጉሮሮ በእሱ ደመወዝ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ የባቡር ሰዎች ናቸው፤ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ እንኳ የሚኖረው በእነሱ ነው።

ጭሱ እጁን በሙሽራዋ ሆድ ላይ አሳርፏል፣ ትኩሳቷን እንደሚለካ ሁሉ። «እኔ አሳልፋታለሁ ብል አሳልፋታለሁ» አለ። «ድምፅ ሳላሰማ፣ እንደተኛ ልጅ። ብቻ ጋሼ፣ ቁርጡን ንገረኝ።»

«እንደገና ልውረድ» አለ የሐዲድ ሹሙ።

ገመድ ወገቡ ላይ ታሰረለት፤ እሳት አንዳጁና ጭሱ ከላይ ያዙት። በምሰሶው ግንብ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ውሃው ውስጥ ገባ። ብርዱ ትንፋሹን ነጠቀው። በግራ እጁ የግንቡን ድንጋይ ጨብጦ በእግሩ መሠረቱን ፈለገ። ቀደም ሲል ሲወርድ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነበር የገባው። አሁን ግንቡ ሥር ዘረጋው፤ እስከ ጉልበቱ ገባ። ገፋ አደረገው፤ እስከ ጭኑ ገባ፣ ጫፉም ምንም አልነካ። በዚያ መሀል ግንቡ ትከሻው ላይ ስልል ያለ መንቀጥቀጥ አስተላለፈለት። ከባድ ጋሪ በሩቅ ሲያልፍ የቤት ግድግዳ የሚያደርገውን ዓይነት።

ጎትተው አወጡት። ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ እስኪናገር ጥርሱ ተንገጫገጨ።

«እሺ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አትሻገር።»

«ትወድቃለች ማለት ነው? እርግጠኛ ነህ?»

የሐዲድ ሹሙ አዎ ለማለት ቃጣው፤ ግን ለዕድሜው የሚበቃውን ውሸት ከሦስት ሳምንት በፊት ጨርሶታል። «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጌታዬ። ሊሸከማት ይችል ይሆናል። ይለፍ የሚል ምልክት ግን እኔ አላሳይም።»

ዳይሬክተሩ ከውስጥ ኪሳቸው ማስታወሻ ደብተርና ብዕር አወጡ። በኮታቸው ጥላ ውስጥ እየጻፉ፣ የጻፉትንም ጮክ ብለው አነበቡ፤ ሎኮሞቲቩ በእሳቸው ትእዛዝ እንዲያልፍ፣ ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን እሳቸው እንደሚወስዱ። ፈርመው ገነጠሉትና ለጭሱ ሰጡት። ክፉ ሰው አልነበሩም። አባታቸው ሐዲዱ አጠገብ ነው የተቀበሩት።

ጭሱ ወረቀቱን አየው። ቀለሙ በዝናቡ እየፈሰሰ ነበር። አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና ወደ ሎኮሞቲቩ ወጣ።

የሐዲድ ሹሙ ሊጠራው ተነሣ። በሐሳቡ የሚስቱን ፊት አየ፤ ማታ በር ከፍታ «ወንድሜስ?» ስትለው። ከላይ የብረት ኳኳታ መጣ። የምድጃው በር ሲከፈት ቀይ ብርሃን በጭሱ ጀርባ ላይ ቦገገ። ዳይሬክተሩ ሳያውቁት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፣ መንገድ እንደሚለቁ።

ሙሽራዋ አልተንቀሳቀሰችም። ይልቅ ከሆዷ ሥር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የጋለ ፍም ይራገፍ ጀመር። በእርጥቡ ጠጠር ላይ ሲወድቅ ጭስና እንፋሎት አንድ ላይ ተነሥቶ ሁሉንም ሸፈናቸው። ጭሱ ረዥሙን መቆስቆሻ እየሰበቀ እሳቱን እስከ መጨረሻው ጠረገው፤ ከዚያም እንፋሎቷን ለቀቀው። ፉጨቱ ማዶ የቆሙት ሰዎች ጆሯቸውን እስኪይዙ ድረስ ቆየ፤ ቀነሰ፤ ቆመ። ከዚያ በኋላ የዝናቡና የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ወርዶ በዳይሬክተሩ ፊት ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። «ጌታዬ፣ ይቅርታዎን። አሁን ቢያዙኝም አልችልም፤ እሳት የላትም።»

ዳይሬክተሩ ለረዥም ጊዜ ሎኮሞቲቩን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በወንበሮቹ ላይ እየረገጡ ተሻገሩ። የሐዲድ ሹሙ ሁሉም እስኪያልፍ ጠብቆ ቱንቢውን ጠቀለለ። ሦስት ጣት ደርሶ ነበር።

ድልድዩ አልወደቀም።

ያን ምሽት ቆሞ አደረ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ቆመ። በሁለተኛው ሌሊት የወደቀችው ሙሽራዋ ናት፤ የቆመችበት አፈር ተንዶ በጎኗ ጭቃው ውስጥ ተኛች። ውሃው በአምስተኛው ቀን ሲጎድል ሰው እየመጣ ድልድዩን ያያል፣ ሎኮሞቲቩን ያያል፣ ራሱን እየነቀነቀ ይመለሳል። ኩባንያው ቀጣዩ ወር ሳያልቅ ተሸጠ። የሐዲድ ሹሙ ስለ ቅጹ የሆነውን ሁሉ በራሱ እጅ ጽፎ አስገባና ከሥራ ተሰናበተ። ስለ ኖራው አንድ መስመር አልጻፈም። ዳይሬክተሩ ግን ከሥሩ በራሳቸው እጅ «በዚያ ቀን ወደ ሌላ ሥራ የላክሁት እኔ ነኝ» ብለው ጨመሩበት፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ በከተማው አልታዩም። የገዙት ሰዎች በበጋው መጥተው አሮጌውን ድልድይ ከነምሰሶዎቹ በባሩድ አነሡት። እናም ያ ምሰሶ ያን ቀን ሠላሳ ስምንት ቶን ይሸከም እንደነበርና እንዳልነበር የሚያውቅ ሰው ሳይገኝ ቀረ።

ሰው ሳያውቅ ግን መናገሩን አይተውም። በሰፈሩ ሰላምታ የነፈጉት ነበሩ። ልጆቹን «የፈሪው ልጆች» ያሏቸው ነበሩ።

አንድ ምሽት ሚስቱ ከልጆቹ መተኛት በኋላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እስከ ዛሬ አልጠየቅኩህም» አለችው። «ሁሉም ሰው ትሻገር ነበር ነው የሚለው።»

«ትሻገር ይሆናል።»

«ታዲያ?»

የሐዲድ ሹሙ ከውጭ ሥራ ፍለጋ ሲዞር ውሎ የደከመውን እግሩን እያሻሸ ነበር። ቀና አለ። «ላይዋ ላይ የሚሆነው ወንድምሽ ነበር» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ባልዲዋን ይዛ ቦኖ ውሃ ስትወርድ ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች እንደ ልማዳቸው ወሬያቸውን አቋረጡ። የጣቢያው ዘበኛ ሚስት ወደ ሌላ ሰው የምታወራ አስመስላ፣ «ባቡሯ እኮ በሰላም ታልፍ ነበር» አለች።

የሐዲድ ሹሙ ሚስት ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። «ታልፍ ይሆናል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ባልሽ ይነዳት ነበር?»

ከዘበኛው ሚስት ኋላ ያለችው ሴት ዐይኗን ወደ መሬት አወረደች። ቦኖው ይፈሳል፤ የፊተኛዋ ሴት ባልዲ ሞልቶ እያለፈ ይንዠቀዠቃል፣ የሚያነሣው ግን የለም።

«ተራሽ ነው፣ ቅጂ» አለቻት የዘበኛውን ሚስት።